የሲና አክስት

ሜልበርን፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እማዋይሽ፣

የነቀምቴን ሰው ሁሉ የሚጠብቅ አምላክ እርስዎንም ከክፉ ይሰውርልኝ። ወገብዎ እንዴት ሆነ? እኔም ባለቤቴ ብፅዓትም ደህና ነን። እሷ ሰላምታዋን አድርስልኝ ብላኛለች።

ስልክ ስደውል አንዴ ይጠራል፣ አሥር ጊዜ አይጠራም። ኢንተርኔቱማ እናንተ ጋ ከጠፋ ቆየ። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ይህን አዲስ አበባ ድረስ የሚያመጣልኝ ደረሳ የሚባል የነቀምቴ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲያ በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው ይሰጥልኛል።

ማርጋሬት ሰላም ብላዎታለች። አንዳንዴ የመጀመሪያውን ቀን አስበዋለሁ። ነቀምቴን የሚያውቅ ሰው ፍለጋ እኔ ወደምሠራበት የአዛውንቶች መጦሪያ ስትመጣ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበረች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። "ቤቴን ሸጬ እናትና አባት ለሌላቸው ልጆች ቤት እከፍታለሁ" አለችኝ። እኔ የሰጠኋት የእርስዎን ስም ብቻ ነው። ይኸው እርስዎም የልጆቹ ሞግዚት ሆነው ቀሩ፤ ቤቱም ቆመ። እናቴ ብትኖር ደስ ይላት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ለቤቱ መደገፊያ እራት አዘጋጅተን ነበር። መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ ልጆቹ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ከኋላዬ የሲና ፎቶ በትልቁ ተሰቅሎ ነበር፤ ያቺ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያለባት ልጅ። "ይህቺ ልጅ በዓለም ላይ ማንም የላትም" አልኩ። ሰው አለቀሰ። ስንጨርስ አንዲት ጋዜጠኛ መጣችና "ወላጆቿ መሞታቸውን በምን አወቃችሁ?" አለችኝ። "ዘመዴ እዚያው ቤት ትሠራለች" ብዬ መለስኩላት። መልሱ ለእሷም ለእኔም የበቃን አይመስለኝም።

እስቲ ልጆቹ እንዴት እንደመጡ ይጻፉልኝ። ፎቶም ቢልኩልኝ ደስ ይለናል።

አክባሪ ልጅዎ
ሠርፀ


ነቀምቴ፣ ጥር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሠርፀ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ እንደምን ናት? እኔ ወገቤን ከማለት በቀር ለመድኃኔዓለም ምስጋና ይግባውና አለሁ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ጥምቀት ካለፈ ወዲህ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሰውዬው ባኮ ላይ ብዙ ሰንብቶ ነው የመጣው። ኤንቨሎፑ ረጥቦ ነበር፤ ጽሑፉ ግን ይነበባል።

እዚህ ኑሮ እንደምትሰማው ነው። የበከኒሳ ቀሴ ሰፈራችን ከሌላው ይሻላል። ከገጠር የተፈናቀለው ሰው ግን ከተማውን ሞልቶታል፤ በየትምህርት ቤቱ በረንዳ ተኝቷል። ከምስራቁም ከሰሜኑም ይመጣል፤ ኦሮሞውም አማራውም ይመጣል፤ የሁሉም እግር ያው እግር ነው፣ አብጦ ነው የሚመጣው።

ልጆቹ ይበላሉ። ይማራሉ። ሲና የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አዲስ አብቅላለች። አሁን እኔን "አዮ" ነው የምትለኝ፤ እንደ እናት መሆኑ ነው በኦሮምኛ። አማርኛም ከእኔ እየለቀመች ነው።

ስለ ወላጆቻቸው የጠየቅኸኝን ሥራ አስኪያጁ ጋሩማ ነው የሚያውቀው። እኔ የማውቀው ማጠብና ማብላት ነው። እሑድ እሑድ ዘመድ ያለው ዘመዱ ይጠይቀዋል። የሲናም አክስት ትመጣለች። አጥሩ ሥር ተቀምጣ ፀጉሯን ስትሠራላት ትውላለች። ስትሄድ ብዙ ታለቅሳለች፣ አክስቷ።

ፎቶ ልላክልህ ብዬ ጋሩማ አይፈቀድም ስላለኝ ተውኩት።

ለእኔ ምንም እንዳትልክ። የእናትህን መቃብር አርጆ ድረስ ሄጄ ዙሪያውን ላሳጥረው ነበር፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን እሄዳለሁ።

እግዚአብሔር በሰው አገር ያክብርህ።
እማዋይሽ


ሜልበርን፣ መጋቢት 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እማዋይሽ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ደብዳቤ በደህና ቀን ያግኝዎት።

ሳላድበሰብስ ልንገርዎ። የጋዜጠኛዋ ጽሑፍ ወጣ። "እናት ያላቸው ወላጅ አልባዎች" ይላል ርዕሱ። እዚህ አገር በዚህ ነገር ላይ ሰው መረር ብሏል። በሌላም አገር እንዲህ ያለ ቤት ከፍተው ልጆችን ከእናታቸው እየነጠሉ ገንዘብ የሰበሰቡ ሰዎች አሉ፤ ማርጋሬትንም ከእነሱ ጋር ደመሯት። ጎረቤቶቿ ሰላም አይሏትም። ቤተ ክርስቲያን ስትገባ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። አንዱማ በሯ ላይ "የልጅ ነጋዴ" ብሎ በቀለም ጽፎባታል።

ትናንት ቤታችን መጣች። ብፅዓት ሻይ አቀረበችላት፤ ሳትነካው ቀዘቀዘ። "ሠርፀ፣ እኔ ከሰው ልጅ ነጥቄአለሁ?" አለችኝ። ምን ልበላት? ጋሩማ የሚልክላት መልስ ሁሌ አንድ ነው፤ ሁሉም ወላጅ የላቸውም ይላል።

የእርስዎን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። "ስትሄድ ብዙ ታለቅሳለች፣ አክስቷ" ያሉትን ስደርስ ማለፍ ያቅተኛል። እትዬ፣ እኔ ያቺን ልጅ ከኋላዬ ሰቅዬ ማንም የላትም ብዬ ተናግሬባታለሁ። እውነቱን የሚነግረኝ ሌላ ሰው የለኝም። እባክዎን።

ሠርፀ


ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለሠርፀ፣

እንኳን ከሁዳዴው ወደ ፋሲካው አሸጋገረህ። ለመጻፍ የዘገየሁት መንገዱ ሰበብ ሆኖልኝ ነው እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

የሲና አክስት ያልኩህ ሴት እናቷ ናት። ስሟ ዘርፈሽ ነው። ባለፈው ዓመት በክረምት ከኪራሙ ሸሽታ መጣች። ባሏ ነመራ እዚያው ቀርቷል፤ ሞቷል ማለቴ ነው። አንድ ሁለት ሳምንት የትምህርት ቤት በረንዳ ላይ ከረመች። ልጅቷ በተቅማጥ ተጎድታ ትከሻዋ ልብስ ማንጠልጠያ መስሎ ነበር። አንድ ቀን ይዛት ወደ እኛ በር መጣች። ጋሩማ ወጥቶ "እኛ የምንቀበለው እናትም አባትም የሌለውን ነው፤ ከፈረንጆቹ ጋር የተዋዋልነው እንደዚያ ነው" አላት። አልተከራከረችም። ልጅቷን አዝላ ተመለሰች።

ከቀናት በኋላ ደግሞ መጣች። "የወንድሜ ልጅ ናት፤ እናቷም አባቷም ሞተዋል" አለች። ጋሩማ አያት፣ እኔም አየኋት። ሁለታችንም አወቅን። ልጅቷ ቀሚሷን ጨብጣ አልለቅም ብላ ነበር፤ አክስትን እንደዚያ የሚጨብጥ ልጅ አይቼ አላውቅም። ጋሩማ "ትግባ" አለ።

ጋሩማን ክፉ ሰው እንዳታደርገው። "እትዬ፣ ረሃብ እናት አለሽ ወይ ብሎ አይጠይቅም" አለኝ። የራሱ እህትም ተፈናቃይ ናት። ከዚያ በኋላ ወሬው ተሰማና ሌሎቹም እናቶች አክስት ሆነው መጡ፣ አንዳንዶቹ አያት ሆነው። ከግማሽ የሚበልጡት እናት አላቸው። ፈረንጅ ሲመጣ ምን እንደሚሉ ጋሩማ ያስጠናቸዋል፤ እንደ መዝሙር ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ፊታቸውን ቅባት ቀብቼ አሰልፋቸዋለሁ።

አሁን የጠየቅኸኝን ነገርኩህ። ለማንም አታንብበው። ይህ ቤት ቢዘጋ እነዚህ ልጆች የት ይገባሉ? እናት ያለው ልጅ እኮ አይራብም ማለት አይደለም።

እማዋይሽ


ሜልበርን፣ ግንቦት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ እማዋይሽ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

አነበብኩላት። ለጋዜጣ አልሰጠሁም፤ ለማርጋሬት ብቻ ነው ያነበብኩት። ቁጭ ብላ ሰማችኝና "እናቶቹን ማን ጠየቃቸው? እኔ መጠየቅ ነበረብኝ" አለች። በሐምሌ ትመጣለች። መንገዱ አስጊ ነው ብለን ብንለምናትም አልሰማችንም። ልጆቹን አላባርርም፣ እናቶቻቸውንም ጨምሬ እረዳለሁ፣ ፊት ለፊት እውነቱን ከነገሩኝ በቃኝ ትላለች።

ቢቆጡኝም ይገባኛል። ግን ሴትየዋ ደግ ናት፤ ይሻላል ብዬ ነው።

ሠርፀ


ነቀምቴ፣ ሐምሌ 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለሠርፀ፣

ጤና ይስጥህ። አልተቆጣሁህም። የሆነውን ልንገርህ፤ ከእሷ አፍ ብቻ እንዳትሰማው።

ማርጋሬት የመጣች ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠው ነበር። ልጆቹን መመገቢያው ክፍል አስቀመጥናቸው። ዘመዶቻቸው ሁሉ ይምጡ ስላለች ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የምታስተረጉመው ከልጆቹ አስተማሪዎች አንዷ ናት፣ ናኦሚ የምትባል ጨዋ ልጅ።

ማርጋሬት መሃል ቆመችና ተናገረች፣ ናኦሚም በኦሮምኛ አለችው፦ "ማንም አይቀጣም። ማንም ልጅ ከዚህ አይወጣም። እናት የሆነች ልጇ አጠገብ ትቁም።"

ሴቶቹ ጋሩማን አዩት። ጋሩማ መሬት መሬት አየ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፈረንጅ የምታወራው ስለ ጥሩ ነገር ይሁን ስለ መጥፎ በምን ይወቁ? አንድ ጊዜ በአፋቸው ያወጡትን ውሸት ስለያዙ ነው ልጃቸው የበላላቸው።

ኋላ ዘርፈሽ ከግድግዳው ተላቀቀች። የላስቲክ ጫማዋ ጭቃ ነበር፤ ስትገባ በሩ ላይ አውልቃው ነበርና በባዶ እግሯ መጣች። ከሲና ኋላ ቆመችና እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። "ኢንታለ ኮቲ" አለች። ልጄ ናት ማለቷ ነው።

ማርጋሬት ደስ አላት። እንባዋ መጣ። ጎንበስ ብላ ሲናን "እናትሽ ናት?" አለቻት። ይህንን ያለ አስተርጓሚ በአማርኛ ነው ያለችው፤ በመንገድ ስታጠና መጥታ ይሆናል።

ሲና እንግዳ ሲመጣ እንዳስጠኗት ቀጥ ብላ ቆመች። እጆቿን ጎንና ጎኗ አደረገች። "እናቴ ሞታለች። አባቴም ሞቷል። ይህቺ አክስቴ ናት" አለች።

ዘርፈሽ የምትጮህ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም። የልጅቷን የሹራብ ኮሌታ አስተካከለችላት። ከዚያ ማርጋሬትን ቀና ብላ አየቻትና በኦሮምኛ የተናገረችውን ናኦሚ ተረጎመችው፦ "ልጅቷ እውነቷን ነው። አክስቷ ነኝ። ከናፍቆት ብዛት ነው ልጄ ያልኳት።"

ጫማዋን በእጇ ይዛ ዝናቡ ውስጥ ወጣች።

ማርጋሬት ናኦሚን "አክስቷ ከሆነች ለምን እንደዚያ አየቻት?" አለቻት። ናኦሚ ጥያቄውን በአማርኛ ወደ እኔ አዞረችው። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እኔ ነኝ መናገር የነበረብኝ፤ ግን ዘርፈሽ ራሷ ከዘጋችው በኋላ ምን ብዬ ልክፈተው?

ከዚያ ወዲህ ያለው አጭር ነው። ማርጋሬት አገሯ ከተመለሰች በኋላ ያ እናንተ ጋ የወጣው የጋዜጣ ወሬ እዚህም ደረሰ። የመንግሥት ሰዎች መጥተው ቤቱ እስኪጣራ ተዘግቷል፣ ልጆቹ ለዘመዶቻቸው ይሰጡ አሉ። ልጆቹ ፍራሻቸውን ተሸክመው ወጡ። ለሲና ዘመድ ስንፈልግ ዘርፈሽ የለችም። በረንዳው ላይ አብራት የነበረችው ሴት "ኪራሙ ሄዳለች። ሰው እየተመለሰ ነው ሲባል ሰማች። ልጄ የምትበላበት አግኝታለች፣ እኔ ደግሞ ቤቴ ቆሞ እንደሆነ ልይ ብላ ነው" አለችኝ።

ልጅቷን እኔ ቤት አስገባኋት። አደራዋን እስክትረከበኝ ድረስ ማለት ነው።

እማዋይሽ


ሜልበርን፣ መስከረም 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ እማዋይሽ፣

አዲሱን ዓመት የእረፍት ያድርግልዎ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ድርጅቱ ፈረሰ። ማርጋሬት ታማለች፤ ሰው አታነጋግርም። እኔ ስሄድ ግን በሩን ትከፍትልኛለች። ስለ ሌላው ልጅ አታነሳም፤ ሲናን ብቻ ነው የምትጠይቀኝ። እናቷ ተመለሰች ወይ? ትማራለች ወይ? ሲናን በግሏ ልትረዳት ትፈልጋለች። "አንድ ፎቶ ብቻ፣ ከእናቷ ጋር ሆና" ትላለች። እንቅልፍ እንዲወስዳት ይመስለኛል።

ለእርስዎም ትንሽ ነገር በደረሳ በኩል ልኬያለሁ። እምቢ እንዳይሉኝ።

እዚህ ያሉ ሰዎች ቤቱ በመዘጋቱ እውነት አሸነፈ ብለው ጽፈዋል። ጋዜጠኛዋም ሽልማት አግኝታለች። ውሸት እኮ አልጻፈችም። እኔ ግን ጽሑፏን ዳግመኛ ማንበብ አልቻልኩም።

ዘርፈሽ እንደተመለሰች ይጻፉልኝ።

ሠርፀ


ሜልበርን፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

ከዓመት መለወጫ ወዲህ ድምፅዎ ጠፋ። ስልኩም አይነሳም። ታመው ይሆን? መንገዱ ነው? አንድ መስመር ብቻ ይጻፉልኝ። ደህና ነኝ ብቻ ቢሉኝ ይበቃኛል።

ሠርፀ


ነቀምቴ፣ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሠርፀ፣

እንደምን አለህ? ብፅዓትስ? ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። የላክኸውም ደርሶኛል፣ ለልጅቷ ልብስና ደብተር ሆኗል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አልታመምኩም። የምጽፈው ነገር እስኪረጋ እየጠበቅሁ ነበር።

ዘርፈሽ አልተመለሰችም። መስከረም ጠበቅን፣ ጥቅምት ጠበቅን። ሲና ከትምህርት ቤት ስትመጣ መጀመሪያ ጓሮውን ታያለች፣ ቀጥላ ጓዳውን። ምን ትፈልጊያለሽ ስላት "ምንም" ትለኛለች። እኔም "አክስትሽ ትመጣለች" እላት ነበር። ምላሴ ለምዶብኝ አክስትሽ እያልኩ። አንድ ቀን ቆጣ አለችና "እናቴ ናት" አለችኝ። እንደዚያ ስትል የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

ከገና በኋላ ጨመዳ የሚባል ሰው በሬን አንኳኳ። ከኪራሙ የዘርፈሽ ጎረቤት ነበር። ውስጥ ግባ ብለው እምቢ አለኝ። ሲና በራፍ ላይ ከጎረቤት ልጆች ጋር ትጫወት ስለነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ዘርፈሽ ቤቷ አልደረሰችም። የተሳፈሩበት መኪና መንገድ ላይ ቆመ፣ ሰዎቹን አወረዷቸው። ማን እንዳወረዳቸው አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። የዚያ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው የቀበሯቸው። ዘርፈሽን ያወቃት በሹራቧ ነው። ሐምሌ ሃያ ግድም ነው የሆነው፤ እኔ ያን ደብዳቤ ስጽፍልህ፣ አደራዋን እስክትረከበኝ ስልህ፣ እሷ አፈር ለብሳ ነበር።

ለሲና መንገሩን እኔ አልቻልኩም። ናኦሚን ጠራኋት። ሁለታችን አልጋው ላይ መሃላችን አስቀመጥናትና ናኦሚ በኦሮምኛ ነገረቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጫማዋን ፈትታ ደግሞ አሰረችው። ናኦሚ አቅፋት ቆየችና ሄደች።

ልብስ ልሰበስብ ጓሮ ወጣሁ። ተከትላኝ መጣች። በአማርኛ ነው የጠየቀችኝ፤ አማርኛዋ ደግሞ የእኔ አማርኛ ነው፣ ከእኔ አፍ የለቀመችው።

"አዮ፣ አሟርቼባት ነው?" አለችኝ።

"ምን አልሽ?" አልኳት፣ ሰምቻት።

"ሞታለች ያልኩት። ያን ቀን አልሞተችም ነበር። እኔ ካልኩ በኋላ ነው የሞተችው።"

ሠርፀ፣ እኔ በቤቴ ልጅ ክፉ ነገር ሲያወራ "ተው፣ አታሟርት" የምል ሰው ነኝ። እናቴም እንደዚያ ነበር የምትለን፣ የአንተም እናት እንደዚያ ነበር። ልጅቷ ከእኔ ነው የሰማችው። "አይደለም፣ ልጄ፣ ቃል ሰው አይገድልም" አልኳት። አየችኝ። "ያስጠናንሽ እኛ ትልልቆቹ ነን፤ አንቺ ምን አጠፋሽ" አልኳት። "ሌሎቹም ብለዋል፤ የእነሱ እናቶች አሉ" አለችኝ። ይህን የት አገኘችው? ስታስበው ከርማ ነበር ማለት ነው።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ሕፃን ነች፣ ትረሳዋለች አሉኝ። ናኦሚም የራሷን ቤተ ክርስቲያን ቄስ አስመጥታ ጸልየውላታል። ዝም ብላ ታስጸልያለች። እነሱ ሲሄዱ መጥታ ያንኑ ትጠይቀኛለች፤ ስንጥቅ እንጨት ስትለቅም፣ ሳጥባት፣ መንገድ ስንሄድ። አትጮህም፣ አታለቅስም። እንዴት ብዬ እንደምመልስላት ለማየት ብቻ ነው የምትጠይቀኝ የሚመስለኝ።

ፎቶዋን አልልክልህም። ማርጋሬትን አትንገራት ልልህ አልችልም፤ ከነገርካት ግን ልጅቷ ያለችውን አትንገራት። የእናቷን መሞት ብቻ ንገራት። እሷም የራሷ ይበቃታል።

የቀበሌው ሰው መጥቶ ልጅቷ ወላጅ ስለሌላት የሚረዳ ድርጅት ካለ ላስመዝግባት ወይ አለኝ። አሁን እንደዚያ ያለ ቤት ከተማችን ውስጥ የለም፣ ራሱም ያውቀዋል። ለወጉ ያህል ነው የጠየቀኝ። እኔ ጋ ትኖራለች አልኩት።

አንተ ብዙ የተማርክ ነህ። በሰው ፊት ቆመህ መናገርም ታውቅበታለህ። እስቲ አንድ ሕፃን የሚያምነው ቃል ካለህ ጻፍልኝ። እኔ የማውቀውን ሁሉ ነግሬያት ጨርሻለሁ። ዛሬም ይህን ስጽፍ ጉልበቴን ተደግፋ ቆማ "ለማን ነው?" አለችኝ። "ሜልበርን ላለው ልጄ" አልኳት። "ጠይቂልኝ" አለችኝ።

ይኸው ጠየቅሁህ።

እማዋይሽ